ስድስት ወር የማይከፈት ጠርሙስ

አቶ ወርቅነህ ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ሳምንት የጎረቤታቸውን የቲማቲም ችግኝ ከተተከለበት ነቅለው በመስመር አስተካክለው ተከሉት። ባለቤቲቱ ገበያ ነበረች። ስትመለስ ችግኙ ሁሉ በቀትር ፀሐይ አንገቱን ደፍቶ ጠበቃት። ሴትዮዋ ጨዋ ናትና «ደከሙልኝ» ብላ ዝም አለች፤ በማግስቱ ግን አጥሯን በእሾህ አጠበቀችው። ምን ይደረግ? ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ በግብርና ባለሙያነት ከጂንካ ካኮ፣ ከካኮ ሃና፣ አንዴ በሞተር ሳይክል አንዴ በእግር እየዞሩ «ለምን እንዲህ ዘራችሁ?» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው አንድ ቀን በምስክር ወረቀትና በጋቢ ሸኝተው «በሉ ይረፉ» ቢሉት በየት በኩል ነው የሚያርፈው? ሰፈሩ «ሱፐርቪዥን» የሚል ስም አወጣላቸው። ስሙን ሰምተዋል፤ አልከፋቸውም። እንዲያውም የሥራ መደብ ስለመሰላቸው ደስ ብሏቸው ነበር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ተናኜ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናቸውን አስቀምጠው የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ባልየው በቀን ሃያ ጊዜ በፊታቸው ይመላለሳሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥከው?» ይሏቸዋል።

«የት ተቀመጥኩና?» ይላሉ እሳቸው። እውነታቸውን ነው።

የዚህ አመል ዋና ተጎጂ ግን የመጨረሻ ልጃቸው ቤቲ ነበረች። ቤቲ አዋላጅ ነርስ ናት። ተመርቃ መጀመሪያ የተመደበችው ሃና ነበር፤ መኪና በስንት ቀን አንዴ የሚገባበት ቦታ። በሰባተኛው ወር ወደ ጂንካ ተዛውረሻል የሚል ደብዳቤ ደረሳት። ዕድል መሰላት። ዓመት ሙሉ ዕድል መስሏት ከኖረች በኋላ ነው አንዲት ጸሐፊ «አባትሽ እኮ ለፉልሽ» ያለቻት። አቶ ወርቅነህ ሰው አላቸው፤ የማያውቋቸው መሥሪያ ቤት የለም። ቤቲ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ራሷ አመልክታ ካንጋተን ሄደች፤ ከሃና የራቀ፣ ከሃና የሞቀ፣ ኦሞ ወንዝ ዳር። ከዚያ ወዲህ አባቷ ሲደውሉ መልሷ አንድ ሆነ። ምን በላሽ? ደህና ነኝ። ወባው እንዴት ነው? ደህና ነኝ። ከማን ጋር ነው የምትኖሪው? ደህና ነኝ፣ አባዬ። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል።

ባለፈው መስቀል ቤቲ ለሁለት ሳምንት ፈቃድ መጣች። ዝም ብሎ መቀመጥ አለመቻል በዘር የሚሄድ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ በሦስተኛው ቀን ከአንድ ሊዘጋ ከደረሰ ሱቅ አፈ ሰፊ የከረሜላ ጠርሙስ ለምና አመጣች። ባለ መስታወት ክዳን ነው፣ ድሮ ባለሱቆች ባንኮኒው ላይ የሚደረድሩት ዓይነት። በፈላ ውሃ አጠበችው፤ በአልኮል ወለወለችው። ከታች ጠጠር ነሰነሰች፤ በጠጠሩ ላይ የተሰባበረ ከሰል፤ በከሰሉ ላይ አፈሩ ወደ ታች እንዳይሰርግ ከአሮጌ አጎበር የተቆረጠ ክብ ጨርቅ፤ በዚያ ላይ ከላይኛው ጫካ ያመጣችው ጥቁር አፈር። አባቷ ከጀርባዋ ቆመዋል።

«ከሰሉ በዛ» አሉ።

«አልበዛም።»

«አፈሩስ? ፍግ የለበትም።»

«ፍግ ከገባበት ይሻግታል፣ አባዬ። ቶሎ እንዲያድግ አልፈልግም። እንዲኖር ብቻ ነው።»

በወረንጦ አንድ አንድ እያለች ተከለች። ከምንጩ ድንጋይ ላይ የላጠችውን ሳረንስት፣ ያንን እርጥብ አረንጓዴ ምንጣፍ የመሰለውን፤ ጣት የማታክል፣ ቅጠሏ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ፈርን፤ በየቤቱ በቆርቆሮ የምትተከለዋን ሐምራዊ ቅጠል። ውሃውን በሲሪንጅ ለክታ በመስታወቱ ግድግዳ አንጠባጠበች።

«ይቺ ናት ውሃው?» አሉ አባቷ።

«ይቺው ናት።»

«ነገስ?»

«ነገ የለም። ውሃው ቀን ቀን ይተናል፣ መስታወቱን ይነካና ተመልሶ ይወርዳል። ራሱን ያጠጣል።»

«ማን ያርመዋል?»

«ማንም።»

«ማን ይከታተለዋል?»

«አንተ» አለች ቤቲ። «በዓይንህ ብቻ።»

አቶ ወርቅነህ እርሻ ሳይነኩት ሲኖር ሰምተው አያውቁም። ቤቲ ሳምንቱን ሙሉ ክዳኑን ስትከፍት ስትዘጋ፣ የመስታወቱን ላብ ስታመጣጥን ሰነበተች። ልትሄድ ስትነሣ ክዳኑን ለመጨረሻ ጊዜ ገጠመችና ከቦርሳዋ ነጭ የቁስል ፕላስተር አውጥታ አሸገችው። ከዚያ በሰማያዊ ማርከር፣ ከክዳኑ ጀምራ ወደ ጠርሙሱ አንገት እያወረደች ፈረመችበት። ክዳኑ ከአንገቱ ስለሚሰፋ ማርከሩ ጠርዙ ላይ ዘለለባት፤ እሷም አላስተካከለችውም።

«ለፋሲካ እመጣለሁ» አለች። «ስድስት ወር ነው። እንዳይከፈት። ፀሐይ እንዳይመታው። በሳምንት አንዴ አዙረው፣ ሌላ ምንም አታድርግ። ፊርማዬን እንዳለ ካገኘሁት አንድ ትልቅ ነገር እነግርሃለሁ።»

«ካላገኘሽውስ?»

«ካላገኘሁትማ ደህና ነኝ።»

ልጃቸው ሄደች፤ ጠርሙሱ ሳሎን ከመስኮቱ ፈንጠር ብሎ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። አቶ ወርቅነህ ፊርማና ማኅተም ላይ ቀልድ አያውቁም፤ በሥራ ዘመናቸው የታሸገ መጋዘን ሲያዩ እንኳ ፈንጠር ብለው ነው የሚያልፉት። «ቀላል ነው» አሉ ለራሳቸው። እስከ ማታ አራት ጊዜ አዩት።

ጥቅምትን እንደምንም ገፉት። በሳምንት አንዴ አዙር የተባሉትን በቀን ሦስቴ አዞሩት። ወይዘሮ ተናኜ «ምስኪን ተክል፣ ራሱን አዞርከው እኮ» አሉ። በኅዳር ደብተር ገዝተው ሽፋኑ ላይ «የጠርሙስ ክትትል» ብለው ጻፉ። «ጠዋት 2፡30፤ መስታወቱ በስተምሥራቅ ላብ አለው። ቀን 7፡00፤ ላቡ ጠፍቷል። ፈርኑ አዲስ ቅጠል ጠቅልሎ አውጥቷል፤ የሕፃን ጡጫ ይመስላል።» ይህንን በስልክ ለቤቲ አነበቡላት። ቀጥሎ ቤቲ ሳቀች። ከሁለት ዓመት በላይ ያልሰሙት ሳቅ ነው። አቶ ወርቅነህ ስልኩን ከጆሯቸው አንሥተው አዩት፤ የእሷ ቁጥር መሆኑን ለማረጋገጥ።

ከዚያ ወዲህ ወሬው እየረዘመ ሄደ። «ጠርሙሱ እንዴት ዋለ?» ብላ ራሷ መደወል ጀመረች። ይነግሯታል። እሷም በምላሹ ትንሽ ትንሽ ትጨምራለች፤ ሙቀቱ ሲበረታ አልጋዋን ደጅ አውጥታ እንደምትተኛ፤ የአገሬው የኛንጋቶም እናቶች መጀመሪያ በአማርኛዋ ይስቁ እንደነበር፣ አሁን በቋንቋቸው ስትሞክር ደግሞ ይባስ እንደሚስቁ፤ አንዲት እናት የወለደቻትን ልጅ «ቤቲ» ብላ ስም እንዳወጣችላት። አቶ ወርቅነህ «አጎበር ታደርጊያለሽ ወይ? ውሃው ይጣራል ወይ? አለቃሽ ማነው?» የሚሉ ጥያቄዎች እስከ ጥርሳቸው ይመጡባቸዋል። ምላሳቸውን ይነክሳሉ። ልጃቸውን መልሰው እያገኟት ነው፤ ይህንን ያውቃሉ። ዓይናቸው ሄዶ ሄዶ ያቺ ሰማያዊ ፊርማ ላይ ያርፋል።

መጋቢት ሲገባ ዝናቡ መጣ፤ ጣጣውም አብሮ መጣ። መጀመሪያ በሐምራዊዋ ቅጠል ሥር ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ታየ። በሦስተኛው ቀን ሻጋታው በሳረንስቱ ላይ አልፎ ወደ ፈርኑ ተሳበ። መስታወቱ ጭጋግ ለበሰ። አንድ ቅጠል ወደቀ። አቶ ወርቅነህ ይህንን በሽታ ስሙንም መድኃኒቱንም ያውቁታል። ክዳኑን ለአንድ ሰዓት ከፍቶ አየር ማስገባት፣ የታመመውን በወረንጦ ለቅሞ መጣል፤ በቃ። ሕፃን የሚሠራው ሥራ ነው። ፈቃድ ሊጠይቁ ለቤቲ ደወሉ። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም አላቸው ስልኩ።

በማግስቱም ያው። መናኸሪያ ሄደው ሾፌሮች ጠየቁ። ወደ ካንጋተን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቱርሚ አጠገብ፣ ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ተቆርጧል፤ ኔትወርኩም ከዚያ ወዲያ የለም አሏቸው። ሦስት ቀን ሆነ። አምስት ቀን ሆነ። ወባ ይዟት ቢሆንስ? ብቻዋን ብትወድቅስ? ወይዘሮ ተናኜም ፈርተዋል፤ ግን እሳቸው እየሰፉ ነው የሚፈሩት። አቶ ወርቅነህ ከበር እስከ ጠርሙሱ፣ ከጠርሙሱ እስከ በር ይመላለሳሉ። በስድስተኛው ቀን የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በፕላስተሩ ጫፍ ሥር አስገቡ። አወጡ። እጃቸውን ታጠቡ። በሰባተኛው ቀን ደግመው አስገቡ፤ ደግመው አወጡ። አንድ ነገር ካልሠሩ እጃቸው የሚፈነዳ ይመስላቸው ነበር።

በስምንተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ሚልክያስ ደወለ። ሚልክያስ የአሪ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ ሥራ ሲጀምር ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። አሁን ቅጥርና ዝውውር በሚመለከት አንድ ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ውለታ የማይረሳ ሰው ነው፤ ጣጣውም ከዚሁ ነው የሚመጣው።

«ጋሼ፣ ጂንካ ላይ የአዋላጅ ቦታ ተከፍቷል። ማመልከቻ ነገ ይዘጋል። እኔ ቤቲን ነው ያሰብኩት።»

«መንገዱ ተቆርጧል እኮ። እንዴት ብላ ትፈርማለች?»

«እሱን እኔ አላውቅም፣ ጋሼ። ፎርሙን ግን ልልክልዎ እችላለሁ።»

ፎርሙ መጣ። ወይዘሮ ተናኜ ክር ሊገዙ ወጥተዋል። አቶ ወርቅነህ ፎርሙን ጠርሙሱ አጠገብ ዘርግተው በዚያ በተመሰገነው የሪፖርት ጽሕፈታቸው ሞሉት። የአመልካች ስም። የሥራ መደብ። የዝውውሩ ምክንያት፦ በዕድሜ የገፉ ወላጆችን ለመርዳት። የአመልካች ፊርማ የምትለዋ መስመር ባዶዋን ቀረች። አቶ ወርቅነህ መነጽራቸውን አደረጉ። ቀና ሲሉ የልጃቸው ፊርማ ፊት ለፊታቸው ነበር፤ በነጭ ፕላስተር ላይ፣ በሰማያዊ ማርከር፣ አምስት ወር ሙሉ እንደ ታቦት የጠበቁት። በአሮጌ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ሰባት ጊዜ ሞከሩት። በስምንተኛው ፎርሙ ላይ ፈረሙ። ፕላስተሩን ሁለት ጊዜ ነክቶ የተመለሰው እጅ ያን ጊዜ አልተመለሰም። ዓርብ ጠዋት ወስደው ለሚልክያስ አስረከቡ፤ ምሳም በደንብ በሉ።

ቅዳሜ ስልኩ ጮኸ። ቤቲ ናት።

«ደህና ነኝ፣ አባዬ። የእውነቴን ነው፣ ደህና ነኝ። ጠርሙሱስ?»

አቶ ወርቅነህ ተቀመጡ። «ሻጋታ ይዞታል» አሉ።

«ተወው። አፈሩ ላይ ነጫጭ ትንንሽ ነፍሳት ይታዩሃል?»

ጎንበስ ብለው አዩ። «ይታዩኛል።»

«እነሱ ይበሉታል።»

እንዳለችውም ሆነ። በሳምንቱ ሻጋታው ሳሳ፣ በሁለተኛው ሳምንት ጠፋ። ፈርኑ ቀና አለ። አቶ ወርቅነህ ስለ ፎርሙ ልንገራት አሉ፤ ነገ አሉ፤ ከነገ ወዲያ አሉ። ስንት ሰው ነው የሚያመለክተው፣ ቦታው ለእሷ ላይደርስ ይችላል ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሚልክያስ ጋ ሄደው «መልስልኝ» ማለት ይችሉ ነበር፤ መንገዱ የሃያ ደቂቃ እግር ነው። እሳቸው ለማንም ጉዳይ ሃያ ኪሎ ሜትር የሚሄዱ ሰው፣ ያን ሰሞን እግራቸውን ስንፍና ያዘው። ቤቲ ጂንካ ብትገባ፣ ከእንግዲህ ወንዝ ሞልቶ ባይለያቸው፣ ይህ በጎ ነገር አይደለም ወይ? እንዲህ እያሉ ሰነበቱ።

የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ከቀትር በኋላ አንድ ፒክአፕ በራቸው ላይ ቆመ። አቶ ወርቅነህ ሮጠው ወጡ። ቤቲ ወረደች። ቀጥሎ ፍራሿ ወረደ። ቀጥሎ ባልዲዋ፣ ቀጥሎ የተጠቀለለ አጎበሯ፣ ቀጥሎ በማዳበሪያ የታሰረ የወጥ ቤት ዕቃዋ። ለበዓል የመጣ ሰው ፍራሽ አይሸከምም።

ቤቲ እናቷን አቅፋ ሳመች። አባቷንም ሳመች፣ ግን ዓይናቸውን አላየችም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሳሎን ገብታ ጠርሙሱ ፊት ተንበረከከች። ጠርሙሱ አምሮበት ነበር። ሳረንስቱ አፈሩን ሸፍኗል፤ ፈርኑ ክዳኑ ሥር ደርሶ ጎንበስ ብሏል። በጣቷ ፕላስተሩን ዙሪያውን ዳሰሰችው።

«አልከፈትከውም» አለች።

«አልከፈትኩትም! አንድም ቀን! እናትሽን ጠይቂ!» አሉ አቶ ወርቅነህ፤ ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጠነ።

ቤቲ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ከዝውውር ደብዳቤዋ ጋር አያይዘው የላኩት የማመልከቻው ቅጂ ነው። ዘርግታ ጠርሙሱ አጠገብ አኖረችው። እዚህ ፕላስተሩ ላይ፣ ማርከሩ የክዳኑን ጠርዝ ሲዘል ‹ቲ› የምትለዋ ፊደል መሐሏ ላይ ተቆርጣለች። እዚያም ወረቀቱ ላይ፣ ልሙጥ ወረቀት ላይ፣ ‹ቲ› መሐሏ ላይ ተቆርጣለች።

«ጠረጴዛ ላይ የሚፈርም ሰው ፊደሉን መሐል ለመሐል አይቆርጥም» አለች ቤቲ። «አለቃዬ ‹አንቺ ነሽ የፈረምሽው?› ሲለኝ ከየት እንደተቀዳ ወዲያው አወቅኩ። መንገድ ላይ ሁሉ ይሄ ጠርሙስ ተከፍቶ ባገኘው እያልኩ ነው የመጣሁት። ተከፍቶ ባገኘው ይሻለኝ ነበር።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ወይዘሮ ተናኜ በሩ ላይ ቆመው ባላቸውን አዩ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ ቀስ ብለው፤ ሌላ አልጨመሩም።

«ዘጠኝ ቀን!» አሉ አቶ ወርቅነህ። «ዘጠኝ ቀን ድምፅሽ ጠፋ! ሞታ ቢሆንስ እያልኩ እዚህ ስሽከረከር... አባት አይደለሁም እንዴ እኔ?»

«ፈርተህ ነበር። አውቃለሁ፤ እኔም ፈርቼ ነበር። በዚያ ዘጠኝ ቀን አራት እናት አዋልጃለሁ፤ አንዷ ደም ፈሷት የምልክበት መኪና አልነበረም። አለሁ ብዬ እጇን ይዤ አደርኩ፣ ተረፈች። አሁን በእኔ ቦታ ማን እንዳለ ታውቃለህ?»

አቶ ወርቅነህ ወረቀቱን መልሰው አጠፉት።

«ማንም የለም። ተተኪ እስኪመጣ ማንም የለም።» ቤቲ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች እግሮቿን አጠፈች። «የምነግርህ ነገር አለ ብዬህ አልነበር? እናቶች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩበት ቤት አለን። ከጀርባው እስከ ወንዙ የሚወርድ መሬት ሰጡን። ማሽላ ከእኔም ካንተም በላይ ያውቃሉ፤ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በተወው ጭቃ ላይ ነው የሚዘሩት። ጎመንና ካሮት ግን ለምደው አያውቁም፤ ‹የሚያሳየን ሰው አምጪ› አሉኝ። ‹አባቴ አለ› አልኳቸው። ሦስት ወር መጥተህ እኔ ጋ እንድትቀመጥ አልጋ አሠርቼልህ ነበር።»

አቶ ወርቅነህ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ታዲያ ያኔ በመስቀል ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሰው እርሻ ሳትነቅል መቀመጥ ትችል እንደሆነ ማየት ነበረብኝ» አለች ቤቲ። ጠርሙሱን አየችው። «ችለህ ነበር።»

አቶ ወርቅነህ በዕድሜያቸው ብዙ ተሰድበዋል፤ እንደዚህች ቃል ያቃጠላቸው ግን የለም። ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ባርኔጣቸውን አነሡ። «አሁኑኑ ሚልክያስ ጋ እሄዳለሁ። ቤቱን አውቀዋለሁ። ዛሬውኑ ያስተካክለዋል፣ ግድ የለሽም፣ እኔ—»

«አባዬ።»

ቆሙ።

«አንተ አትሄድም። የኔ ነገር ነው፤ ነገ ራሴ እሄዳለሁ። ማንንም አታነጋግር። ለማንም አትደውል። እባክህ።»

ባርኔጣውን መልሰው ሰቀሉት። አመል ያወጣል ከመሀል ይባላል፤ እሳቸውን አመላቸው ከገዛ ልጃቸው መሀል አውጥቷቸው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ቤቲ በሁለት ሰዓት ወጣች። አቶ ወርቅነህ በረንዳው ላይ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በሁለት ሰዓት ተኩል ተነሡ፤ ወይዘሮ ተናኜ አዩዋቸውና ተመልሰው ተቀመጡ። ሦስት ሰዓት ሆነ። አንድ እግራቸው ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ኃላፊው ሻካራ ሰው ነው፣ እንዴት ማናገር እንዳለባት አታውቅም፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ስለ ሥራው ጥቂት፣ ከዚያ ነው ጉዳይ። ይህንን ሳይነግሯት ሄደች። በሦስት ሰዓት ተኩል በሩ ድረስ ሄዱ። መቀርቀሪያውን ያዙት። ብረቱን ይዘው ብዙ ቆሙና እንደገና መጥተው ተቀመጡ። ሲቀመጡ ወንበሩ ጮኸ። ወይዘሮ ተናኜ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ «ጎሽ» አሉ።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልካቸው ጮኸ። ሚልክያስ ነው። ለማንም አትደውል አለች እንጂ አታንሣ አላለችም። አነሡት።

«ጋሼ፣ ቤቲ እዚህ ናት» አለ ሚልክያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፊርማው የኔ አይደለም ብላ አመልክታለች። ኃላፊው ፋይሉን አስመጥቶታል። እርስዎ አንድ ቃል ብቻ ይበሉልኝ። እሷው ናት የፈረመችው፣ ሐሳቧን ቀይራ ነው እንበል። ዝውውሩ ባለበት ይጸናል፣ ነገሩም ያልፋል። ለመስከረም ሌላ ጥሩ ቦታ እፈልግላታለሁ፣ በእግዚአብሔር ስም።»

«ካላልኩስ?»

«ካላሉማ ሐሰተኛ ሰነድ ሊሆን ነው፣ ጋሼ። ይጠየቁበታል። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሠሩበት ስም ነው። እኔም ልጆች አሉኝ።»

አቶ ወርቅነህ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስማቸው ታያቸው፤ በየቀበሌው መዝገብ፣ በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ፣ በዚያ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የምስክር ወረቀት። አንድ ቃል ብቻ ነው የተጠየቁት። አንድ ቃል ከተናገሩ ልጃቸው ጂንካ ትቀራለች፣ ስማቸውም ይቀራል፤ እሷ ግን እዚያ ቢሮ ውስጥ ውሸታም ሆና ትወጣለች።

«ሚልክያስ» አሉ።

«አቤት ጋሼ።»

«የእሷ አይደለም። እኔ ነኝ የፈረምኩት። ፎርሙን እሷ እንደፈረመችው አድርጌ ነው የሰጠሁህ፤ ለአንተ አልነገርኩህም። ለኃላፊው እንደዚህ ብለህ ንገረው።»

ከወዲያ የወረቀት ድምፅ ተሰማ፣ የወንበር ድምፅ ተሰማ፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ የቤቲ ድምፅ መጣ። ‹የእሷ አይደለም› ባሉበት ሰዓት ሚልክያስ ስልኩን ለሁሉም ከፍቶት ነበር ለካ።

«አባዬ፣ ሰማንህ። ይህንኑ እዚህ መጥተህ ትጽፋለህ?»

«እጽፋለሁ።»

«በስምህ ትፈርምበታለህ?»

«እፈርማለሁ።»

ትንፋሿ ይሰማቸዋል።

«እንግዲያው መታወቂያህን ይዘህ ና» አለች።

አቶ ወርቅነህ ተነሡ። ካኪ ኮታቸውን ለበሱ፤ ቁልፉ አልገጥም አላቸው፣ ተዉት። መታወቂያቸውን ከሳጥኑ አውጥተው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። ወይዘሮ ተናኜ ይህንን ሲያዩ መርፌያቸውን አቆሙና ከወንበራቸው ተነሡ።

«አንተ ሰውዬ! አትሂድ አላለችህም? ደግሞ ወዴት ነው?»

አቶ ወርቅነህ መቀርቀሪያውን ይዘው ዞሩ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

«ቤቲ ጠርታኝ ነው» አሉ።